ለ10 ኪሎ ሽሮ 25 ግራም፦ ስለ ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ለአብሳዮች

ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከለቡ እስከ ሰበታ ባሉት ሽሮ ቤቶችና የሠራተኛ ካፌዎች ስለዚህ ነጭ ክሪስታል ሁለት ዓይነት አብሳይ አለ። አንዱ ስሙን ሲሰማ «ኬሚካል ነው» ብሎ አያስጠጋውም። ሌላው ከፌስታሉ በእጁ ዘግኖ ድስቱ ላይ ይበትነዋል። ሁለቱም ሚዛን ላይ አስቀምጠው አላዩትም። የወጥን ጣዕም የሚያጎላው ሞኖሶዲየም ግሉታሜት፣ በአጭሩ ኤምኤስጂ፣ በደንብ የሚሠራው ከምግቡ ክብደት ከመቶ 0.1 እስከ 0.5 ሲሆን ነው። ከዚያ ሲያንስ እምብዛም አይሰማም፤ ሲበዛ ወጡን ያበላሻል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገው እስከ 1 ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን ነው። ቀሪው ነገር ከኬሚስትሪው ይከተላል።

ግሉታሚክ አሲድ ፕሮቲን ከሚሠራባቸው 20 አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው። በሽምብራ፣ በባቄላ፣ በምስር፣ በስንዴና በሥጋ ፕሮቲን ውስጥ በብዛት አለ። ነገር ግን በፕሮቲኑ ሰንሰለት ውስጥ ታስሮ እስካለ ድረስ ምላስ አይለየውም። ምላስ የሚለየው ከሰንሰለቱ የተላቀቀውን ብቻ ነው። ሽሮ በግሉታሚክ አሲድ የተሞላ ዱቄት ሆኖ ሳለ በውኃና በጨው ብቻ ሲሠራ ጣዕሙ የሚሳሳው ለዚህ ነው። እናቶቻችን ይህን ያለ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ፈትተውታል። ስልጆ ሲሠራ የባቄላው ዱቄት ከሱፍ ውኃ ጋር ይበስልና ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት ይብላላል። በዚያ ጊዜ ፕሮቲኑ በከፊል ይቆራረጣል፣ የታሰረው አሚኖ አሲድም ይፈታል። ቲማቲም ላይ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው መብሰሉ ራሱ ነው። በደንብ የቀላ ቲማቲም በ100 ግራም ከ150 እስከ 250 ሚሊ ግራም የሚደርስ ነፃ ግሉታሜት፣ ማለትም ከሰንሰለቱ የተላቀቀ ግሉታሚክ አሲድ፣ ሊኖረው ይችላል፤ አረንጓዴው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ከአትክልት ተራ በርካሽ የሚመጣ ግማሽ ጥሬ ቲማቲም ወጥ ላይ የማይረዳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ግሉታሚክ አሲድን እ.ኤ.አ. በ1866 ከስንዴ ፕሮቲን ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥሎ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ሃይንሪሽ ሪትሃውዘን ነው። ጣዕሙን ከዚህ አሲድ ጋር ያገናኘው ግን የቶኪዮው ፕሮፌሰር ኪኩናኤ ኢኬዳ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ጃፓኖች መረቅ ከሚያወጡበት ኮምቡ ከሚባለው የባሕር አረም ላይ ተነሥቶ ነው። ጣዕሙንም ኡማሚ ብሎ ሰየመው። አሲዱ ራሱ ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ ይኮመጥጣልም። ኮምጣጣነቱ በሶዲየም ሲጠፋ የሚገኘው ጨው ግን በቀላሉ ይሟሟል፣ ተከማችቶም ይቆያል። በ1909 አጂኖሞቶ በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለ። መጀመሪያ ላይ የስንዴ ፕሮቲን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ እየተቀቀለ ይወጣ ነበር። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የሚሠራው በማብላላት ነው። ኮሪኔባክቴሪየም ግሉታሚኩም የተባለ ባክቴሪያ ከሸንኮራ አገዳ ሞላሰስ ወይም ከበቆሎና ከካሳቫ ስታርች የተገኘ ስኳር ይበላል። ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን ሲያጥረው ወይም የሕዋሱ ሽፋን በሌላ መንገድ ሲላላ ግሉታሜቱን ወደ ውጭ ያፈሰዋል። ከዚያ ፈሳሹ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ባነሰ ቁጥር ይበልጥ ይኮመጥጣል) ወደ 3.2 እስኪወርድ ድረስ አሲድ ይጨመርበታል። ግሉታሚክ አሲድ በዚህ ነጥብ ላይ መሟሟት ስለሚያቅተው ክሪስታል ሆኖ ይዘቅጣል። ተለቅሞም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በሶዲየም ካርቦኔት ኮምጣጣነቱ እንዲጠፋ ይደረጋል፣ በከሰል ይጣራል፣ እንደገናም ክሪስታል ይሆናል።

ይህን የፋብሪካ ዝርዝር ያመጣሁት ያው ነገር ድስት ውስጥም ስለሚሆን ነው። ጣዕሙን የሚሰጠው አንድ ኤሌክትሪክ ሙል ይዞ የሚዋኘው ግሉታሜት ነው። አካባቢው ሲኮመጥጥ ግሉታሜቱ ሃይድሮጅን ይቀበልና ወደ አሲዱ ይመለሳል። ወሰኑ ፒኤች 4.25 ነው። እዚያ ላይ ግማሹ ተመልሷል። ፒኤች 5.25 ላይ ከ10 እጅ 9ኙ በሥራ ላይ ነው፤ 3.25 ላይ ከ10 አንዱ ብቻ ይቀራል። ሽሮ፣ ክክ አልጫና ጎመን ከ5.5 በላይ ስለሚሆኑ የጨመሩት ሁሉ ማለት ይቻላል ይሠራል። ቲማቲም የበዛበት ስልስ ወደ 4.4 ይጠጋል፣ ስለዚህ ከመቶ 40 ያህሉ በከንቱ ይገባል። ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ፣ አዚፋ፣ ኮምጣጤ የገባበት ዳጣ ላይ ማባከን ነው። እዚያ ላይ «አልተሰማኝም» ብሎ መጠኑን የሚያሳድግ አብሳይ የሚያተርፈው ሶዲየም ብቻ ነው። እንጀራችንም ኮምጣጣ ነው። ወጡ ለብቻው በማንኪያ ሲቀመስና በእንጀራ ሲጎረስ የሚለየው ለዚህም ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቅምሻ ሁልጊዜ በእንጀራ ይሁን።

አሁን ወደ ድስቱ። ተሠርቶ ያለቀ 10 ኪሎ ሽሮ ወጥ አለ እንበል፣ በተለመደው 100 ግራም ጨው የገባበት። እኔ የምመክረው ጨውን ወደ 75 ግራም ማውረድና 25 ግራም ኤምኤስጂ መጨመር ነው። ይህ ከመቶ 0.25 ይሆናል። የገበታ ጨው ከክብደቱ ከመቶ 39 ሶዲየም ነው፤ ኤምኤስጂ ደግሞ ከመቶ 12 ገደማ። በመጀመሪያው አሠራር ድስቱ ውስጥ 39 ግራም ሶዲየም ነበር። በሁለተኛው ከጨው 29.25፣ ከኤምኤስጂ 3፣ በድምሩ 32.25 ግራም ይሆናል። ከመቶ 17 ያህል ተቀንሷል፣ ሳህኑ ላይ ግን ጨው የጎደለ አይመስልም። በኔ ግምት የዚህ ነገር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ጨውን ሳይቀንሱ በላዩ ላይ መጨመር ግን ጥቅሙን ገልብጦ ጉዳት ማድረግ ነው። በተቃራኒው ጨውን ፈጽሞ ማውጣትም አይሠራም፤ ኤምኤስጂ ያለ ጨው ለብቻው ውኃ ውስጥ ሲቀመስ ደስ የማይል፣ አፍ የሚሞላ ጣዕም ብቻ ነው።

ጨው ሲቀነስ አብሮ የሚቀነስ ሌላ ነገር አለ፣ አዮዲን። ኤምኤስጂ ውስጥ አዮዲን የለም። እንቅርት በሚታወቅበት ደጋ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የቀረው 75 ግራም በርግጥ አዮዲን የገባበት፣ ታሽጎ የተገዛና ክዳን ባለው ዕቃ የተቀመጠ ይሁን። ምድጃ ዳር ክፍት የተቀመጠ ጨው አዮዲኑን ቀስ በቀስ ያጣል።

መቼ ይገባል? ከመከለሻው ጋር፣ እሳቱ ሊወርድ ሲል። ቁሌት ላይ አይገባም። በዘይት አይሟሟም፤ የጋለ ዘይትና ሽንኩርት ላይ ሲወድቅ ክሪስታሉ ከድስቱ ጋር ተጣብቆ ያርራል፣ መራራም ይሆናል። «ከፈላ መርዝ ይሆናል» የሚባለው ግን ስህተት ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 እስከ 2,600 ሜትር ላይ ስለሆኑ ውኃ እዚህ የሚፈላው ከ91 እስከ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት ባልኮመጠጠ ወጥ ውስጥ ለሰዓታት ቢቆይ እንኳ የሚለወጠው ጥቂት ነው፤ የሚለወጠውም ጣዕም አልባ ወደሆነ ፓይሮግሉታሜት ነው። መጨረሻ ላይ ይግባ የምለው በሌላ ምክንያት ነው። ወጥ እየተንተከተከ ይተናል። ሲጀመር 12 ኪሎ የነበረ ሲያልቅ 10 ከሆነ፣ መጀመሪያ የተመዘነው ሁሉ በዚያው ልክ ይከርራል። መጨረሻ ላይ የሚመዝን ሰው የሚመዝነው ላለው ወጥ ነው።

ወፍራም ሽሮ ላይ ደረቁን መበተንም ጥሩ አይደለም። 25 ግራሙን በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ በጥብጡት። ወዲያው ይሟሟል፤ በክፍል ሙቀት 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ከ70 ግራም በላይ ይሸከማል። ከዚያ እያማሰላችሁ አፍስሱት፣ የድስቱን ሥር ደጋግማችሁ እየገለበጣችሁ፣ ከዚያም ለአምስት ደቂቃ በትንሽ እሳት ይቆይ። ያለዚህ አንዱ ሳህን ባዶ፣ ሌላው የተጫነው ይሆናል።

ሚዛን እስኪገዛ ድረስ በማንኪያ የሚሠራ ሰው ማንኪያውን መጀመሪያ ይለካ። አሥር የሻይ ማንኪያ፣ እያንዳንዱ አናቱ በቢላ ጀርባ ተጠርጎ፣ ሰፈር ያለ ሱቅ ሚዛን ላይ ተመዝኖ ለአሥር ይካፈል። ብዙውን ጊዜ አንድ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ይመጣል፤ ክሪስታሉ ደቃቅ ወይም ወፈር ያለ ከሆነ ግን ይለያያል። የጨው ማንኪያ 6 ግራም ይጠጋል። ሁለቱን በአንድ ማንኪያ ሰፍሮ እኩል ናቸው ብሎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው።

ሌሎች ወጦች በአጭሩ። ምስር ወጥ እንደ ሽሮው ነው። ለአልጫ ከመቶ 0.2 ይበቃል፤ በርበሬ ስለሌለ ከዚያ በላይ ቶሎ ይታወቃል። ጎመን 0.15። ሻይ ዳቦ፣ ጣፋጭ ነገርና ሻይ ላይ ምንም ሥራ የለውም። በሁዳዴና በፍልሰታ ሥጋና ቅቤ ሲወጣ ከበያይነቱ የሚጎድለው በአብዛኛው ይህ ጣዕም ስለሆነ፣ ዋጋው ከሁሉ ጊዜ በላይ የሚታየው በጾም ነው።

ሥጋ ላይ ሒሳቡ ይለወጣል። ከብት ከታረደ በኋላ ጡንቻው ውስጥ ያለው የኃይል ሞለኪውል ሲፈርስ አይኖሲኔት የተባለ ነገር ይፈጠራል። ይህን ከደረቀ ዓሣ ላይ በ1913 ያገኘው የኢኬዳ ተማሪ ሺንታሮ ኮዳማ ነው። የሱ ዘመድ የሆነውና በደረቀ እንጉዳይ ውስጥ የሚገኘው ጓኒሌት በ1957 በአኪራ ኩኒናካ ተለየ። ኩኒናካ ያስተዋለው ትልቁ ነገር ግሉታሜትና እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ጣዕሙ የሚባዛ መሆኑን ነው፤ ድምር ብቻ አይደለም። እኩል ለእኩል ሲቀላቀሉ ሰባት ስምንት እጥፍ ድረስ ይጠነክራል። ቋንጣ ፍርፍር በበሰለ ቲማቲምና በደንብ በተቁላላ ሽንኩርት ሲሠራ ያለ ምንም ጭማሪ የሚሞላው ለዚህ ነው፤ አይኖሲኔቱ ከቋንጣው፣ ግሉታሜቱ ከቲማቲሙ ይመጣል። ቀይ ወጥና ዶሮ ላይ ከመቶ 0.1 ካለፋችሁ እያባከናችሁ ነው። ለጾም ደግሞ ዙሪያችን የሚመረተውን ኦይስተር እንጉዳይ በስሱ ቆርጦ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ ፈጭቶ ለ10 ኪሎ ወጥ 40 ግራም ያህል መጨመር የኤምኤስጂውን መጠን በግማሽ ለማውረድ ይረዳል።

ስለዚህ የእሽጉን ጀርባ አንብቡ። 621 ኤምኤስጂ ነው። 627 ጓኒሌት፣ 631 አይኖሲኔት፣ 635 የሁለቱ ድብልቅ ነው። 621 እና 635 አብረው ተጽፈው ካገኛችሁ በእጃችሁ ያለው የበረታ ድብልቅ ነውና ለ10 ኪሎው ከ25 ግራም ወደ 8 ወይም 10 ውረዱ። 635 ሪህ ላለበት ሰው አይመከርም፣ ምክንያቱም ሰውነት ወደ ዩሪክ አሲድ ይለውጠዋል። ጥሬ ነገር ላይም አይገባም፤ በጥሬ ሥጋና አትክልት ያሉ ኢንዛይሞች ያፈርሱታል። ከፈላ በኋላ ሲጨመር ይተርፋል።

የማጣፈጫ ኩቦችም እዚሁ ይነበባሉ። በእሽግ ላይ የሚጻፉት ነገሮች ከሚበዛው ወደሚያንሰው ይደረደራሉ። ኩቡ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ጨው፣ ቀጥሎ 621 ከሆነ፣ የገዛችሁት በዋናነት ጨው ነው። የምግብ ቤት ወጥ የሚበላሽበት ዋናው መንገድ ይህ ድርብርብ ነው። ሽሮው ላይ አስቀድሞ የተቀመመ ዱቄት፣ ቁሌቱ ላይ ሁለት ኩብ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከፌስታሉ ጭብጥ። ከሦስቱ አንዱን ምረጡ። «ኤምኤስጂ የለውም» ተብሎ የተጻፈበት እሽግ ውስጥ የእርሾ ጭማቂ ወይም የተቆራረጠ የአትክልት ፕሮቲን ካለ፣ ግሉታሜቱ በሌላ በር ገብቷል። ለምላሱም ለሰውነቱም ልዩነት የለውም።

በኪሎ ተፈትቶ በትንንሽ ፌስታል የሚሸጠውን አልወደውም። ነጭ ነገር ሁሉ ይመሳሰላል፣ የሎሚ ጨው፣ ስኳር፣ የገበታ ጨው። ታሽጎ፣ የምርት ቀንና የአምራች ስም ያለበትን ግዙ። ሌላ አማራጭ ከሌለ ሁለት ፈተና አለ። አንደኛ፣ ጥቁር ወረቀት ላይ በትናችሁ በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ እዩት። ንጹሑ ረዘም ያለ፣ መርፌ መሰል፣ የሚያብረቀርቅ ክሪስታል ነው፤ የገበታ ጨው ትንንሽ ኩብ ነው። ሁለተኛ፣ በማትፈልጉት የብረት ማንኪያ ላይ ቁንጥር አድርጋችሁ በምድጃ ነበልባል ላይ ያዙት፣ መስኮት ተከፍቶ። ኤምኤስጂ መጀመሪያ በውስጡ ያለውን ውኃ ይለቃል፣ ከዚያ ቢጫ፣ ቡናማ እያለ ያብጥና ይከስላል፤ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታም አለው። ጨው ይንጣጣል እንጂ አይጠቁርም። ስኳር ቀልጦ የካራሜላ ሽታ ይሰጣል። እየጠቆረም እየተንጣጣም ከሆነ ጨው ተቀላቅሎበታል። ክረምት ላይ ቶሎ እየረጠበ የሚጓጉል ከሆነም ጨው ሳይኖርበት አይቀርም፤ ንጹሕ ኤምኤስጂ እርጥበት ብዙ አይስብም።

ስለ ጤናው ደጋግሞ የሚጠየቀው ጥያቄ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ሐኪም ለአሜሪካ የሕክምና መጽሔት በጻፉት ደብዳቤ ከቻይና ምግብ ቤት በኋላ ማጅራታቸው እንደሚደነዝዝና ልባቸው እንደሚመታ ገልጸው፣ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ይህ ጨው መሆኑን አነሡ። ከዚያ በኋላ ጠጪውም ሰጪውም ሳያውቁ በተደረጉ ሙከራዎች ምልክቶቹ በወጥነት አልታዩም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንደሚለው፣ አንዳንድ ሰዎች 3 ግራምና ከዚያ በላይ ኤምኤስጂ ምግብ ሳይበሉ ለብቻው ሲወስዱ ለአጭር ጊዜ ራስ ምታት፣ መደንዘዝ ወይም የልብ ምት ሊሰማቸው ይችላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 30 ሚሊ ግራም የሚል ወሰን አስቀምጧል፣ በግሉታሚክ አሲድ ተሰልቶ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.8 ግራም ይሆናል። በኛ ድስት 300 ግራም ሽሮ የሚበላ ሰው የሚያገኘው 0.75 ግራም ኤምኤስጂ፣ ወይም 0.6 ግራም ያህል ግሉታሚክ አሲድ ነው፤ የቀኑ አንድ ሦስተኛ። በእጅ እየተዘገነ ከመቶ 1 የሚደርስበት ድስት ግን በአንድ ሳህን 3 ግራም ያደርሳል። የደም ግፊት ላለበት ሰው ሶዲየሙ መቆጠር አለበት፣ ለጨቅላ ሕፃን ምግብ ደግሞ ጨውም ይህም አይገባም። ሲጠየቅ ኤምኤስጂ መግባቱን በግልጽ መናገር የአብሳዩ ግዴታ ነው፤ የማይስማማው ሰው መምረጥ አለበት።

አንድ ነገር አይሸፍንም፤ የሻገተ ሽሮ ወይም የከረመ የኑግ ዘይት ሽታ። ኡማሚ ያለውን ጣዕም ያጎላል፣ መጥፎውንም ጨምሮ።

እጅ ከከበደና ከበዛስ? ምልክቱ ይታወቃል። መጀመሪያ ጉርሻ ላይ ደስ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ አፍ ይሞላል፣ ከዋጡ በኋላም ምላስ ላይ አይለቅም፤ በርበሬውና ኮረሪማው ይጠፋሉ። ከድስቱ ማውጫ መንገድ የለም። ሎሚ መጭመቅ በኬሚስትሪው መሠረት ጣዕሙን ያደክመዋል፣ ሽሮው ግን ይኮመጥጣል። ውኃ መጨመር ያቀጥነዋል እንጂ አይበቃም፤ 100 ግራም የገባበትን 10 ኪሎ ወደ 0.25 ለማውረድ 40 ኪሎ ማድረስ ያስፈልጋል። የሚሻለው አራት ቦታ መክፈል ነው። ቶሎ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ ውስጥ ክደኑት። በቀጣዮቹ ቀናት 7.5 ኪሎ አዲስ ሽሮ ያለ ኤምኤስጂ ሠርታችሁ 2.5 ኪሎውን ጨምሩበት፣ በደንብ ይፍላ። ያ 2.5 ኪሎ 25 ግራም ኤምኤስጂ ይዟል፣ ለ10 ኪሎ በቂ። ጨው 100 ግራም ገብቶበት ከነበረ 25 ግራም ጨውም ይዞ ስለሚመጣ፣ አዲሱ ላይ የምትጨምሩት 50 ግራም ብቻ ነው። ከሦስት ቀን በላይ የሚቆየውን ክፍል በረዶ ቤት አስገቡት።